ኮምፒውተሩ የሰካችሁትን ዕቃ «አላየሁም» ሲል፦ ከገመዱ እስከ ድራይቨሩ ደረጃ በደረጃ

«ሰክቼዋለሁ፣ ግን አያነብም።» ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ ከዚህ በላይ የሰማሁት ጥያቄ የለም። ከመሐል ሜዳ በስልክ እጠየቃለሁ። ከሸዋ ሮቢት ፍላሽ ተይዞ ይመጣል። ከእነዋሪ ፕሪንተር በሚኒባስ ተጭኖ ይመጣል። አብሮትም ብዙ ጊዜ አንድ ትእዛዝ አለ፦ «ፎርማት አድርግልኝ።»

አብዛኛው ፎርማት አያስፈልገውም። አንዳንዱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለሁለት ደቂቃ ሥራ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ ታርማበርን ወጥቶ የሚመጣ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቤታችሁ ሆናችሁ እንድትሞክሩት ይኸው ጻፍኩት። የጻፍኩት ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኮምፒውተር አንድን ዕቃ የሚቀበለው በሦስት እርከን ነው። መጀመሪያ ያየዋል፤ «እዚህ ቀዳዳ ላይ አንድ ነገር ተሰካ» ይላል። ቀጥሎ ይለየዋል፤ ማን እንደሠራውና ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል። በመጨረሻ የሚያሠራውን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያዝ የሚያስችለውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ያገናኝለታል። ሥራው ሁሉ ብልሽቱ የትኛው እርከን ላይ እንደቆመ ማወቅ ነው። ሽቦው የተበጠሰ ዕቃን ምንም ዓይነት ድራይቨር አያድነውም። ድራይቨር ያጣ ዕቃም ገመድ ስለተቀየረለት አይሠራም።

ዩኤስቢ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ ከታች ያሉት እርምጃዎች ለምን እንዳስፈለጉ ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ሁለቱ ኃይል ያመጣሉ፦ 5 ቮልትና ግራውንድ። ሁለቱ ዳታ ያመላልሳሉ። ዕቃው ሲሰካ ከዳታ ሽቦዎቹ አንዱን በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ላይ ይስበዋል። ኮምፒውተሩ የዚያ ሽቦ ቮልቴጅ ከፍ ማለቱን አይቶ ነው አንድ ነገር መሰካቱን የሚያውቀው። ከዚያ ፖርቱን ሪሴት ያደርጋል፣ ለዕቃው ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን አድራሻ አድርጎ ይሰጠዋል፣ «ማን ነህ?» ብሎም ይጠይቀዋል። ዕቃው ሁለት የመታወቂያ ቁጥር ይመልሳል፦ የአምራቹን፣ ቪአይዲ የሚባለውን፣ እና የራሱን፣ ፒአይዲ የሚባለውን። አምራቹ 0781 ከሆነ ሳንዲስክ ነው። 0951 ከሆነ ኪንግስተን ነው። ዊንዶውስ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ከድራይቨር መጋዘኑ የሚስማማውን ይፈልጋል።

ማዘርቦርድ ላይ የሚሰኩት ካርዶችም በዚሁ መንገድ ይጠየቃሉ። ልዩነቱ ጥያቄው የሚቀርበው ኮምፒውተሩ ሲነሳ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቦታ በየተራ ይጠየቃል። 8086 ብሎ የመለሰ የኢንቴል ነው። ቦታው ባዶ ከሆነ የሚመጣው መልስ ሁሉም ቢት 1 የሆነ ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተሩም «እዚህ ማንም የለም» ብሎ ያልፋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እንደሚሠራ ያረጋገጣችሁት ሌላ ዳታ ኬብል
- የሚሠራ ማውስ ወይም ፍላሽ፣ ቀዳዳውን ለመፈተን
- ለአሥር ደቂቃ የምትዋሱት ሌላ ኮምፒውተር
- ዳታ ያለው አንድሮይድ ስልክ
- ደረቅ፣ ለስላሳ፣ አዲስ የጥርስ ብሩሽ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ለመጨረሻው እርምጃ ብቻ፣ ምንም የማትፈልጉት ነገር የሌለበት 8 ጊጋ ፍላሽ

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ስትሰኩ «ፎርማት ላድርገው?» የሚል መልእክት ከመጣ «ካንስል» በሉት። መልእክቱ ጥያቄ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ውስጡ የልጆቻችሁ ፎቶ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ካለ እሺ ማለት የማዳን ዕድላችሁን ያጠበዋል።

ካርድ ወይም ራም ለመንካት ክዳን ከከፈታችሁ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አውጡ። ከዚያ የመክፈቻ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኃይል የሚወጣው እንዲህ ነው። ከመንካታችሁ በፊትም ያልተቀባ ብረት ንኩ።

ሌላው ስለ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት የዚያን ግማሽ እንኳ አትሞላም። ሌሊቱን መኪና ላይ ያደረ ላፕቶፕ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ፣ ወይም በማለዳ ከደጋው ወርዶ ቆላ ሲደርስ፣ የቀዘቀዘው ብረት ላይ ከአየሩ እርጥበት ይቋጠራል። ዓይን ላያየው ይችላል። ከቦርሳው አውጥታችሁ ሳታበሩት አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት። በእርጥብ ቦርድ ላይ ኃይል መልቀቅ ጤነኛውን ዕቃ ያበላሻል።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ። ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

እርምጃ 1፦ ንቀሉና «ሪስታርት» አድርጉ

«ሻት ዳውን» አላልኩም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል አሠራር አለ። እሱ ከበራ፣ ስታጠፉት ዊንዶውስ የራሱን ዋና ክፍል ከነድራይቨሮቹ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ስታበሩት ያንኑ መልሶ ያነሳዋል። የተጣበቀ ድራይቨር ካለ እንደተጣበቀ ይመለሳል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል።

«ሦስቴ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚሉኝን ብዙ ሰዎች ሪስታርት አድርጉ እላቸዋለሁ፤ ከእነሱ ጥቂት የማይባሉት እዚያው ስልክ ላይ ሳሉ ይሠራላቸዋል።

ዕቃው የራሱ የኃይል ገመድ ካለው፣ ለምሳሌ ፕሪንተር ከሆነ፣ ያንንም ንቀሉ። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት።

እርምጃ 2፦ ስትሰኩ አድምጡ

የኮምፒውተሩን ድምፅ ከፍ አድርጉና ዕቃውን ሰኩት። ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ ሲያይ አጭር ድምፅ ያሰማል። ስትነቅሉም ሌላ ድምፅ አለው።

- ድምፅ ከመጣ ኮምፒውተሩ አይቶታል። ገመዱ ቢያንስ በከፊል ይሠራል። ወደ እርምጃ 5 ዝለሉ።
- ምንም ድምፅ ከሌለ አላየውም። እርምጃ 3ን ሥሩ።
- ድምፁ ደጋግሞ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ ግንኙነቱ እየተቋረጠ ነው። ከእርምጃ 3 ጀምራችሁ 4ን አስከትሉ።

እርምጃ 3፦ ገመዱንና ቀዳዳውን ለዩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ገመዱንም ቀዳዳውንም አብራችሁ ከቀየራችሁ፣ ቢሠራ እንኳ ጥፋቱ የቱ እንደነበር አታውቁም።

ሀ. ያንኑ ቀዳዳ በሚሠራ ማውስ ፈትኑ። ማውሱ ከሠራ ቀዳዳው ደህና ነው።

ለ. ገመዱን ቀይሩ። ገበያ ላይ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ ሞልቷል፤ ውስጡ ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ስልኩ ይቻርጃል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም፤ የዳታ ሽቦ የለውምና። ስትገዙ «ዳታ ኬብል ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተቻለም እዚያው ሱቅ አስሞክሩ።

ሐ. ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ሰኩት። የኋላ ቀዳዳዎች በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ናቸው። የፊቶቹ ግን በውስጥ ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ ያ ገመድ ሊላቀቅ ይችላል።

መ. ቀዳዳውን እዩት። አቧራ ይበዛል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በደረቁ ብሩሽ ጥረጉት። በመርፌ አትጎርጉሩ፣ በአፋችሁም አትንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ሠ. ዕቃውን በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። እዚያም ምንም ድምፅ ከሌለ ዕቃው ራሱ ተበላሽቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይመለከታችሁም።

አንድ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ፕሪንተር ላይ ግማሽ ቀን ድራይቨር ስፈልግ ዋልኩ። ማታ ላይ ገመዱን ቀየርኩት፤ ወዲያው ሠራ። ይህን እርምጃ ከድራይቨር በፊት ያስቀደምኩት ያን ቀን ነው።

እርምጃ 4፦ ኃይሉ ይበቃዋል?

የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ብዙ ኃይል ይስባል፤ ካልበቃው ይነሳና ይጠፋል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብትሰሙ ወዲያው ንቀሉት፣ አታንገላቱት።

- በሃብ ከሰካችሁ ሃቡን ትታችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። የራሱ ኃይል የሌለው ሃብ አንዱን ቀዳዳ ለብዙ ዕቃ ያካፍላል።
- አጭር ገመድ ተጠቀሙ። በረጅምና ቀጭን ገመድ ላይ ቮልቴጅ ይወርዳል።
- «ፓወር ሰርጅ» የሚል መልእክት ከመጣ ስለ ቤቱ መብራት አይደለም የሚያወራው። ዕቃው ቀዳዳው ከሚችለው በላይ ኃይል እየሳበ ነው ማለቱ ነው። ስታቢላይዘር መግዛት ይህን አይፈታውም። ዕቃውን ንቀሉና በሌላ ኮምፒውተር ፈትኑት።

እርምጃ 5፦ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ

«ስታርት» ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፣ ከዝርዝሩ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ምረጡ። ዊንዶውስ የሚያያቸው ዕቃዎች ሁሉ እዚህ በየዓይነታቸው ተዘርዝረዋል። መስኮቱን ከፍታችሁ ዕቃውን ንቀሉና ሰኩ። ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ራሱን ካደሰ አይቶታል።

አሁን ምልክቶቹን አንብቡ።

- ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከቃለ አጋኖ ጋር፦ አይቶታል፣ ግን ችግር አለ።
- ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት፦ ተዘግቷል። ሰው ወይም ፕሮግራም ዘግቶታል።
- «አዘር ዲቫይስስ» ሥር «አንኖውን ዲቫይስ»፦ አይቶታል፣ የሚስማማ ድራይቨር ግን አላገኘም።

ምንም ምልክት ከሌለና ዕቃው በስሙ ከተዘረዘረ ዊንዶውስ በኩል ሁሉም ደህና ነው። ወደ እርምጃ 8 ሂዱ።

እርምጃ 6፦ የኮዱን ቁጥር አንብቡ

ምልክት ያለበት ዕቃ ላይ ሁለቴ ተጫኑ። «ጄነራል» በሚለው ገጽ ላይ «ዲቫይስ ስታተስ» የሚል ሳጥን አለ። ውስጡ «ኮድ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ቁጥር ማንበብን አስታውሱ። ብልሽቱ የትኛው እርከን ላይ እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ኮድ 45፦ ዕቃው አሁን አልተሰካም። ዊንዶውስ ያሳያችሁ የድሮ ትዝታውን ነው። ሰክታችሁት ሳለ ይህን ካለ ወደ እርምጃ 3 ተመለሱ።

ኮድ 22፦ ተዘግቷል። በቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ኢኔብል ዲቫይስ» በሉ። በቃ።

ኮድ 28፦ ድራይቨር አልተጫነም። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዕቃው ታይቷል፣ ተለይቷል። እርምጃ 7።

ኮድ 14፦ ሪስታርት ይፈልጋል።

ኮድ 10፦ ድራይቨሩ አለ፣ ዕቃው ግን ሊነሳ አልቻለም። ትላንት ሠርቶ ዛሬ ከአፕዴት በኋላ እምቢ ካለ፣ እዚያው መስኮት ላይ «ድራይቨር» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ። ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ቁልፉ ደብዝዞ ካልተጫነ የቀድሞው የለም ማለት ነው፤ እርምጃ 7።

ኮድ 52፦ ድራይቨሩ የታመነ ዲጂታል ፊርማ የለውም። ፊርማ መፈተሹን አጥፉት የሚል ምክር ታገኙ ይሆናል፤ አታጥፉት። ድራይቨር የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ማን እንደሠራው ያልታወቀ ነገር እዚያ አይገባም። ከአምራቹ ትክክለኛውን አውርዱ።

ኮድ 43፦ ይህን ላስረዝመው፣ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። ትርጉሙ «ዕቃው ችግር አለብኝ ስላለ አቆምኩት» ነው። ዩኤስቢ ላይ ሲሆን ከስሙ ጎን «ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ» የሚል ካለ፣ ኮምፒውተሩ «ማን ነህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ አላገኘም። እንዲህ አረጋግጡ፦ «ዲቴይልስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ፣ ከተቆልቋዩ ዝርዝር «ሃርድዌር አይዲስ»ን ምረጡ። የአምራቹ ቁጥር 0000 ከሆነ ዕቃው ስሙን መናገር አልቻለም። ስሙን ላልተናገረ ዕቃ የሚመረጥ ድራይቨር የለም። ኢንተርኔት ላይ «የኮድ 43 ድራይቨር» እያላችሁ አትድከሙ። ይልቅ ዕቃውን ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ነቅላችሁ የመክፈቻ ቁልፉን 30 ሰከንድ ያዙ፣ መልሳችሁ አብሩ፣ በሌላ ገመድና በሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። በሁለት ኮምፒውተር ላይ እንዲሁ ካለ የዕቃው ቦርድ ተጎድቷል።

እርምጃ 7፦ ትክክለኛውን ድራይቨር ጫኑ

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. መጀመሪያ ለዊንዶውስ ዕድል ስጡት። ኢንተርኔት ካለ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት»ን ክፈቱ፣ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ውስጥ «ድራይቨር አፕዴትስ» የሚል ካለ እዩ። እዚህ የሚመጡት የተፈተሹ ናቸው።

ለ. ካላገኘ የዕቃውን ቁጥር ያዙ። እርምጃ 6 ላይ ካያችሁት «ሃርድዌር አይዲስ» የመጀመሪያውን መስመር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዩኤስቢ ከሆነ ቪአይዲና ፒአይዲ አለው፤ የውስጥ ካርድ ከሆነ ቬን እና ዴቭ የሚሉ አሉት። በዚህ ቁጥር ስትፈልጉ የአምራቹንና የቺፑን ስም ታገኛላችሁ። ከላይ የተለጠፈው ስም ሊያሳስት ይችላል፤ አንድ ዓይነት የላፕቶፕ ሞዴል የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ ግን አያሳስትም።

ሐ. ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አውርዱ። የዊንዶውሱ ዓይነት መግጠም አለበት፦ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። የእናንተ የቱ እንደሆነ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ውስጥ ተጽፏል።

መ. የፕሪንተር ድራይቨር ስትጭኑ መመሪያው «አሁን ሰኩ» እስኪላችሁ ገመዱን አትሰኩ። ቀድማችሁ ከሰካችሁ ዊንዶውስ በራሱ ግምት ሌላ ድራይቨር ሊያያይዝበት ይችላል።

ሠ. የተበላሸ ድራይቨር መንቀል ካስፈለገ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» በሉ። ድራይቨሩንም ከመጋዘኑ ላጥፋው ወይ የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል። ካልመረጣችሁት ዊንዶውስ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ያመጣዋል። ከመረጣችሁት ይጠፋል። ስለዚህ ተተኪው በእጃችሁ ሳይሆን አትምረጡት።

*ኢንተርኔት የሚያመጣው ካርድ ራሱ ድራይቨር ካጣስ?* ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ ዋይፋይ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ስልካችሁን በዳታ ኬብል ሰኩ። ስልኩ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» ውስጥ ገብታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። ስልኩ ለኮምፒውተሩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ይታየዋል፤ ዊንዶውስም ለዚህ የሚሆን ድራይቨር አብሮት አለው። ከስልኩ ዳታ በዚያው ገብታችሁ የዋይፋዩን ድራይቨር አውርዱ። ፓኬጃችሁ ትንሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉት፤ አለዚያ ዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶች ጀምሮ ይጨርስባችኋል።

እርምጃ 8፦ ይታያል፣ ግን አይሠራም

ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ሁሉም ንጹሕ ነው፣ እናንተ ግን መጠቀም አልቻላችሁም። ችግሩ ከድራይቨር በላይ ነው። በየዕቃው እንየው።

*ፍላሽና ሃርድ ዲስክ።* «ስታርት» ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ክፈቱ።

- ዲስኩ ካለ ግን ከስሙ ጎን ፊደል ከሌለው፣ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር» የሚለውን ምረጡና ፊደል ስጡት። ፋይሎቻችሁ እንዳሉ ይመጣሉ።
- «ሮው» ካለ የፋይሎቹ ማውጫ ተበላሽቷል፣ ፋይሎቹ ግን ሊኖሩ ይችላሉ። ምንም አትጻፉበት። ፋይል ማዳን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።
- «ኢኒሻላይዝ» ላድርግ ካለና ውስጡ የምትፈልጉት ነገር ካለ «ካንስል»።
- «ኖ ሚዲያ» ካለ የፍላሹ መቆጣጠሪያ ቺፕ ይናገራል፣ ማህደረ ትውስታውን ግን አያገኘውም። ብዙ ጊዜ ይህ የፍላሹ መጨረሻ ነው።

*ፕሪንተር።* ለፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህን አደራ እላለሁ። አንዳንድ ፕሪንተር የራሱ መለያ ቁጥር ለኮምፒውተሩ አይሰጥም። ያን ጊዜ ዊንዶውስ የሚለየው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ለጽዳት ነቅላችሁ ሌላ ቀዳዳ ላይ ስትሰኩት «አዲስ ፕሪንተር መጣ» ብሎ በስሙ ላይ «ኮፒ 1» ጨምሮ ይመዘግበዋል። እናንተ የምታዙት ግን የድሮውን ነው። ወረቀቱ አይወጣም፣ ደንበኛ ይሰለፋል። መፍትሔው ወደ ድሮው ቀዳዳ መመለስ ነው፤ ቀዳዳው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ወይም «ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ» ውስጥ የደበዘዘውን አጥፍታችሁ አዲሱን «ዲፎልት» አድርጉ። እዚያው ገጽ ላይ «ሌት ዊንዶውስ ማኔጅ ማይ ዲፎልት ፕሪንተር» የሚለውን አጥፉት፤ እሱ ከበራ ዊንዶውስ በመጨረሻ የታዘዘውን ፕሪንተር ዲፎልት ያደርገዋል።

የፕሪንተሩ የሥራ ሰልፍ ውስጥ የተጣበቀ ሥራ አልሰረዝ ካለ «ሰርቪስስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ፣ «ፕሪንት ስፑለር»ን አግኙና «ሪስታርት» በሉት።

*ስልክ።* አንድሮይድ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ለቻርጅ ብቻ ነው የሚከፈተው። ስልኩን ከፍታችሁ ከላይ የመጣውን ማሳወቂያ ንኩና «ፋይል ትራንስፈር»ን ምረጡ። ስልኩ ከተቆለፈ ኮምፒውተሩ ባዶ ያያል።

*የኢንተርኔት ዶንግል።* አንዳንዶቹ መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያቀርባሉ። ሲዲው ውስጥ መጫኛው አለ። መጫኑ ሲያልቅ ዶንግሉ ራሱን ነቅሎ እንደ ሞደም ይመለሳል። ሲዲ ሆኖ ከቀረ መጫኛው አልጨረሰም ማለት ነው፤ ከፍታችሁ አስጨርሱት።

*ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚጠፋ ማውስ ወይም ካርድ።* ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ቀዳዳውን ያስተኛዋል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» ላይ ሁለቴ ተጭናችሁ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

እርምጃ 9፦ ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው የዕቃው?

እስካሁን ካልተፈታ ዊንዶውስን ከጨዋታው እናውጣው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ባዶው ፍላሽ ላይ አዘጋጁ፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሱና «ትራይ ኡቡንቱ»ን ምረጡ። «ኢንስቶል» የሚለውን አትንኩ፤ እሱ ዊንዶውሳችሁን ሊያጠፋው ይችላል።

ሊኑክስ አብዛኛውን ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው ያነሳዋል። እዚያ ዋይፋዩ ከሠራ ካርዱ ደህና ነው፤ ወደ እርምጃ 7 ተመለሱ። እዚያም ካልታየ ካርዱ ወይም ቦታው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የማይነሳ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ስሙ መኖሩን እዩ። ባዮስ ካላየው ዊንዶውስም አያየውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ድራይቨር በራሱ ፈልጎ የሚጭን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ። አብዛኞቹ የማያስፈልግ ነገር ይዘው ይገባሉ፤ የሚሠራውንም ድራይቨር በማይገጥም ይቀይራሉ።
- ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያዎችን ሁሉ በአንዴ መንቀል። ዴስክቶፕ ላይ ማውሱና ኪቦርዱም አብረው ይሞታሉ። ከደረሰባችሁ በመክፈቻ ቁልፉ አጥፍታችሁ አብሩት፤ ሲነሳ መልሶ ይመዘግባቸዋል።
- ፋይል እየተገለበጠ ፍላሽ መንቀል። «ኢጀክት» በሉ፣ መብራቱ እስኪቆም ጠብቁ።
- የዲስክ ችግር ላይ ሪስታርት እየደጋገሙ መሞከር። የሚጮህ ዲስክ በተነሳ ቁጥር ይብስበታል።
- ኮዱን ሳያዩ ዊንዶውስ መቀየር። ገመዱ የተበጠሰ ከሆነ አዲሱም ዊንዶውስ አያየውም፤ እናንተ ግን ፕሮግራሞቻችሁን በሙሉ አጥታችኋል።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ አልሆን ካለና ወደ ጠጋኝ ከደወላችሁ አራት ነገር ያዙ፦ ስትሰኩት ድምፅ መምጣት አለመምጣቱን፣ የኮዱን ቁጥር፣ የሃርድዌር አይዲውን ፎቶ፣ በሌላ ኮምፒውተርና በሌላ ገመድ የሆነውን። ባለፈው አንዲት እህት ከሞላሌ ደውላ «ኮድ 28 ነው፣ ፎቶውን ልኬልሃለሁ» አለችኝ። ድራይቨሩን በቴሌግራም ላክሁላት። ፕሪንተሩ ከቤቷ ሳይወጣ ሠራ።